ለሥራ የተላከ ሽማግሌ

እኔ የምለው፣ ሰው ራሱን ማመስገን ከመቼ ወዲህ ነው ግዴታ የሆነው?

የምሬን ነው የምጠይቃችሁ። እኛ ቤት ራሱን ያመሰገነ ልጅ "እስቲ ሌላ ሰው ይበልልህ" እየተባለ ነው ያደገው። እኔ ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ስመጣ እንኳ እማዬ ለጎረቤት "ደህና ናት፣ እየሞከረች ነው" ነበር የምትለው። ሰው ቤት ሄጄ ምሳ ሲቀርብ ሆዴ እየጮኸ "በልቻለሁ" ማለትን የተማርኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። እንዲህ ሆኜ አደግኩ። ሕግ ተማርኩ፣ የመውጫ ፈተናውን አለፍኩ። ልክ ሥራ ልፈልግ ስል ግን ያሳደገኝን ትምህርት በሙሉ ገልብጪው ተባልኩ።

ሕግ ላልተማራችሁ ነገሩን ላስረዳ። ሕግ የጨረሰ ልጅ ሁሉ በሆዱ የሚመኛት አንዲት ነገር አለች። የኩባንያና የባንክ ጉዳይ የሚይዝ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ ለልምምድ መግባት። ድርጅቶቹ በየዓመቱ ጥቂት ልጆች ይወስዳሉ፣ ለተወሰኑ ወራት ያሠሯቸዋል፣ ከወደዷቸው እዚያው ያስቀሯቸዋል። ችግሩ ቦታው አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ተመራቂው ደግሞ የትየለሌ።

መጀመሪያ የደነገጥኩት የጓደኞቼን ሲቪ ያየሁ ቀን ነው። የክፍላችን ናሆም የውል ሕግ ሲሰጥ ያንኮራፋ የነበረ ልጅ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን መምህራችን ማስተማር አቁመው አዳምጠውታል። ይሄው ናሆም ሲቪው ላይ "በከፍተኛ ጫና ውስጥ ተረጋግቶ የሚሠራ" ብሎ ጽፏል። የምረቃ ቲሸርታችንን ቀለም ስለመረጠ ደግሞ "የፕሮጀክት አስተባባሪ" ሆኗል። እሱ በበኩሉ የእኔን አየ። ስሜ አለ፣ ትምህርት ቤቴ አለ፣ ውጤቴ አለ፣ የምናገራቸው ቋንቋዎች አሉ፣ አለቀ። ይሄ ሲቪ ነው ወይስ የመታወቂያ ቅጽ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ እኛው ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ ሥራ ማግኘት ከፈለግሽ ራስሽን መሸጥ አለብሽ እያለ ይመክረኝ ጀመር። እማዬ ሻይ ይዛ ስትገባ ይቺን ሰማች። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። ከሄደ በኋላ የዚህ ልጅ ቤተሰቦች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብላ ጠየቀችኝ።

ብቻ አመለከትኩ። ካመለከትኩባቸው ሁሉ አንዱ ጠራኝ። ቢሮው ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ፣ ከእነዚያ አዳዲስ መስታወታም ሕንጻዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ድሮ ቦሌ ነበሩ አሉ፣ ኪራይ ነው ወደኛ ያወረዳቸው። እኔ ደስ አለኝ። ከመካኒሳ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ሕልም የት ይገኛል?

የአክስቴን ልጅ ሱፍ ለበስኩ። ክረምት ነበር፣ የእኛ ሰፈር ጭቃ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ነው ብሎ የሚያዝንልኝ አይደለም። ቡትስ ጫማ አድርጌ፣ ተረከዝ ያለውን ጫማ በፌስታል አንጠልጥዬ ሄድኩ። ሕንጻው በር ላይ ቀየርኩና ጭቃ የጠጣውን ቡትስ ለጥበቃው አደራ ሰጠሁ። ጥበቃው ምንም አልገረመውም። በጠረጴዛው ሥር የሌሎች ልጆች ፌስታሎች ተደርድረዋል። ያኔ ነው ስንት ሆነን አንዲት ወንበር እንደምንጠብቅ የገባኝ።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ የድርጅቱ መሥራች ወይዘሮ አልማዝ ናቸው፣ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ብዙም አይናገሩም። ሌላው ሱፉ የጠበበው ወጣት ጠበቃ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲናገር ብዙም አይፈልግም። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ሕግ ሲጠይቁኝ ጥሩ ነበርኩ። የአክሲዮን ማኅበሩንም፣ የመያዣ ውሉንም መለስኩ። ወይዘሮ አልማዝ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄኔ ልጁ ብዕሩን አስቀመጠና ትልቁ ጥንካሬሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ምን ልበል? እሱን እንግዲህ የሚያውቁኝ ሰዎች ቢናገሩት ይሻላል አልኩ። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የቀረውን ጠበቀ። የቀረ የለም። ድክመቴን ሲጠይቀኝ ግን አላሳፈርኩትም። ጠዋት መነሳት ይከብደኛል፣ ዣንጥላ እጥላለሁ፣ አንዴ ልክ አይደለም ያልኩትን ነገር መተው አልችልም እያልኩ ዘረዘርኩ። ራሱ በቃ ብሎ አስቆመኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ የሚል ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል አልኩት። በቅንነት ነው ያልኩት። እኛ ቤት የነገ ቀጠሮ እንኳ "ጌታ ቢፈቅድ" ሳይባል አይያዝም፣ እንኳን አምስት ዓመት። ልጁ ወረቀቱ ላይ አጭር ነገር ጻፈ። ወይዘሮ አልማዝ ተነስተው ጨበጡኝና "እናሳውቅሻለን" አሉኝ።

ቤት ስገባ አባዬ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ነገር ሲነገረው ከመነሻ እስከ መድረሻ ካልሆነ አይጥመውም። ጥያቄውን ሁሉ አንድ በአንድ አስተረከኝ። ጥንካሬሽ ምንድን ነው አሉኝ ስለው ከእኔ ብሶ ደነገጠ። ወደ ወጥ ቤት ዞሮ ለእማዬ፣ ራሷን ነው እንዴ ስለ ራሷ የጠየቋት አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ሕግ የተማርሽ ነሽ። ሰው ለራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል?"

 

ቀናት አለፉ። ሳምንታት አለፉ። ስልኬን ይዤ ሽንት ቤት እገባለሁ። ናሆም ቦሌ ያለ ድርጅት ገባ፣ ቴሌግራም ላይ የእንኳን ደስ ያለህ መዓት ወረደለት፣ እኔም ጻፍኩለት፣ አለቀስኩም። ለምን አላለቅስም? አጎቴ ሆሳዕና ሆኖ በየሳምንቱ ይደውላል። እዚያ መሥሪያ ቤት ቦታ አለ፣ አዲስ ዓመት ሳይብት ትምጣና ትያዘው ይላል። ሥራው ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔ ግን የምፈልገው ይሄኛውን ነው። ለቡን ነው የምፈልገው፣ ያን ቢሮ፣ ያን የወይዘሮ አልማዝን ዝምታ። መስከረም ከጠባ ሻንጣዬን ይዤ መሄዴ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ ጋብቻ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው አይገባችሁም።

ወንድሜ ሀና ማርያም ሰፈር አንዲት ልጅ ወደደ። አባዬ ደንቡ እንደሚያዘው ሽማግሌዎች ላከ። የልጅቷ ቤተሰቦች ሽማግሌዎቹን በትሕትና ተቀብለው፣ ዘመድ እንምከርና እናሳውቃችኋለን አሏቸው። ወንድሜ እህል አልበላ አለ። አባዬ ግን ደስ ብሎት ዋለ። ገና በመጀመሪያው ጊዜ እሺ ቢሉማ ኖሮ ነገሩ መጣራት ነበረበት፣ በአንድ ጊዜ ልጁን የሚሰጥ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ይላል። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሄዱ፣ አሁንም እናስብበት ተባሉ። በሦስተኛው ተሰጠ። ይሄው ዛሬ ልጆች ወልደዋል።

አያችሁ? ለአባዬ "እናሳውቃለን" ማለት "ተመለሱ" ማለት ነው። እኔ ለካ ቤት ቁጭ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ፣ አባዬ ደግሞ መልሶ ባለመሄድ የዘገየው ራሱ መስሎት ሲጨነቅ ኖሯል። ነቄ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ነው አለኝ። የሴትዮዋን ሙሉ ስም ጠየቀኝ። ሊጸልይበት መሰለኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች የጸሎት ርዕስ ሲቀበሉ ዝርዝር ይወዳሉ።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ከድርጅቱ ነው፣ ነገ ጠዋት ብትመጪ አሉኝ። ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ። በነጋታው ያንኑ ሱፍ ለብሼ፣ ያንኑ ፌስታል ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው ጫማዬን ተቀብሎ ፈገግ አለ። ላይ ስወጣ ጸሐፊዋ አየችኝና ከንፈሯን ነክሳ አጎነበሰች። አለፍኩ ማለት ነው አልኩ። ሰው ሞኝ ሲሆን ሁሉም ነገር ምልክት ይሆንለታል።

ወይዘሮ አልማዝ ብቻቸውን ነበሩ። ዛሬ እንግሊዝኛ የለም።

"ሽማግሌዎችሽ መጥተው ነበር" አሉኝ።

የምን ሽማግሌ ብዬ ጠየቅኩ። ለማን? እጄ ላይ ቀለበት ይፈልጉ ይመስል አዩኝ። ከዚያ ነገሩኝ። እኔ ምድር ተከፍታ እንድትውጠኝ እየለመንኩ ሰማሁ።

ሦስት ሆነው ነው የሄዱት። አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። ሁለተኛው የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ አሰፋ። ሦስተኛው ኦቦ ቱሉ ናቸው፣ ሰፈሩ ከተማ ሳይሆን ጀምሮ እዚያው የሚያርሱ የነበሩ፣ ዛሬም ከግቢያቸው ጀርባ ላም የማያጡ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው በሊፍት ወጡ። ጸሐፊዋ ቀጠሮ አላችሁ ወይ አለች። ሽማግሌ ቀጠሮ የለውም ተባለች። ተቀመጡ አለች፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። በዚያ ላይ ጋሽ ጴጥሮስ ነገር ከመጀመራችን በፊት እንጸልይ ብለው ጀመሩ። ቢሮው በሙሉ ቆመ። ወጣቱ ጠበቃ ስልክ ላይ ነበር አሉ፣ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ኦቦ ቱሉ ከአሜን በኋላ በመስኮቱ ወደ ታች አዩና እዚህ ጋ ሽምብራ ዘርቼ አውቃለሁ ካሉ በኋላ፣ የዚህ ቤት አባት ማን ነው ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አልማዝ እኔ ነኝ አሉ። ኦቦ ቱሉ ትንሽ አሰቡ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ልጃችንን ምሕረትን እንድትወስዱልን ነው የመጣነው አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። ምሕረት እኔ ነኝ።

እሺ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ያልፈዋል። የሚቀጥለው ግን ጉድ ነው። ወይዘሮ አልማዝም ለካ ደንብ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ልጅ የሚጠየቅ ቤተሰብ መጠየቅ ያለበትን ጠየቁ። የማን ልጅ ናት፣ አስተዳደጓ እንዴት ነው፣ ነውሯስ ምንድን ነው አሉ። ሽማግሌ ደግሞ ነውር ተጠይቆ አይዋሽም። ጋሽ አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህችን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ነው የሚመስለው።

ልጅቷ ግትር ናት አሉ። በትልቅ ሰው ፊት አፏን አትይዝም አሉ። ምሳሌ ስጡኝ ቢሏቸው የእድሩን ነገር አወጡት። የእድራችን ደንብ ከሰፈር የለቀቀ አባል ቢሞት ድንኳንና ወንበር አይላክለትም ይላል። ቤታቸው ለመንገድ ተነስቶ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም የሄዱ አንዲት እናት ሲያርፉ ድንኳኑ ተከለከለ። እኔ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስቼ፣ እንዲነሱ የተደረጉ ሰው ለቀው ሄዱ አይባሉም አልኩ። ጋሽ አሰፋ ተቀመጪ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። ጉባኤው እስኪመሽ ተከራከርን። ደንቡ ተሻሻለ። "እኔን በሕዝብ ፊት አሳፍራ ነው ደንቡን ያስቀየረችው፤ እውነቱ ይሄ ነው" ብለው ጨረሱ።

ወይዘሮ አልማዝ ይሄን ተርከው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይሄን እኛ ስንጠይቅሽ ለምን አልነገርሽንም?"

ምን ብዬ? ሊቀ መንበሬን አሳፍሬ አውቃለሁ ብዬ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ ነው፣ ሽማግሌ መላኩን አላውቅም ነበር አልኩ። ቆይ፣ አልጨረስኩም አሉኝ። እኔ ግን ተነስቻለሁ። ሊፍቱን ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረኝም፣ በደረጃ ወረድኩ። ቡትሴን እንኳ የወሰድኩት ጥበቃው ሮጦ ደርሶ ሰጥቶኝ ነው። ሲደውሉ ስልኬን ዘጋሁ። ደግመው ደወሉ። ጭራሽ አጠፋሁት።

ቤት ገብቼ አባዬ ላይ የጮህኩትን አልነግራችሁም። አዋረድከኝ አልኩት። ይሄ ሚስት ፍለጋ አይደለም፣ ሥራ ነው አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እስክጨርስ አዳመጠኝ። በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"አንቺ ራስሽን ማመስገን አቃተሽ። ታዲያ ማን ይናገርልሽ?"

በሩን ዘግቼ ገባሁ። ትክክል መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ለአጎቴ እመጣለሁ አልኩት፣ ሻንጣዬንም ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። እማዬ ከፈተች። ድምፁን ስሰማ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ነጠላ ለብሰዋል። ከኋላቸው ያ ወጣት ጠበቃ ቆሟል፣ የሚያብረቀርቅ ጫማውን የሰፈራችን ጭቃ እስከ ማሰሪያው ድረስ ውጦታል። ከእሱ ኋላ ደግሞ ፀጉራቸው የሸበተ ሌላ ጠበቃ አሉ። ሦስት ናቸው። አባዬ ተነስቶ ተቀመጡ አላቸው።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

የወጥ ቤቱን በር ይዤ ቀረሁ። ልጃችሁ ስልክ አላነሳ አለችን፣ ግቢያችሁን ሽማግሌዎቻችሁ ጠቁመውን ነበር፣ ምሕረትን እንድትሰጡን ነው የመጣነው አሉ። ቦታው አንድ ነው፣ ለእሷ ይዘነዋል አሉ። በሰው ፊት ያመነችበትን የማትለቅ ልጅ ነው ስንፈልግ የኖርነው፣ ጋሽ አሰፋ እንደ ነውር የነገሩን ነገር እኛ ቤት ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው አሉ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እንባዬ ወረደ። ሽንኩርቱ ነው ብላችሁ እለፉት።

እሺ በላቸው አባዬ፣ እሺ በላቸው እያልኩ ነው በሆዴ። አባዬ ግን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እንግዶቹን አስቀመጠ። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እናንተ የልጄን ነውር ጠይቃችኋል፣ እኔም የቤታችሁን ነውር ልጠይቅ አለ።

ወንድሜ ሲያገባ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ወይዘሮ አልማዝ ሽበታሙን አዩ። ሽበታሙ መሬት መሬቱን አዩ። አንዳንዴ ሥራ በዝቶ እናስመሻለን አሉ በመጨረሻ። አባዬ ማን ያደርሳታል አለ። መኪና አለን ተባለ። ሌላስ አለ። መልስ ለመስጠት እንዘገያለን አሉ ሽበታሙ። እሱንስ አይተነዋል አለ አባዬ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረ። አቤት፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ያስተረከኝ ለካ ለዚህ ኖሯል።

"አንተ ልጅ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ይሄን ድርጅታችሁን የት ታየዋለህ?"

ልጁ ወይዘሮ አልማዝን አየ፣ ጫማውን አየ፣ እኔን በበሩ ስንጥቅ አየኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አለ።

አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጥሩ ልጅ ነው ብሎ ለእማዬ አንሾካሾከ፣ ግን ሁላችንም ሰማን። ከዚያ ተነስቶ እንግዶቹን በሁለት እጁ ጨበጠ። አክብራችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ አለ። ዘመድ እንመክራለን፣ እናስብበታለን፣ "እናሳውቃችኋለን" አላቸው። ሸኝቶ በሩን ዘጋ።

ከወጥ ቤት ዘልዬ ወጣሁ። አባዬ ምን እየሠራህ ነው አልኩት፣ እኔ እሺ ብያለሁኮ፣ እኔ ነኝኮ ተቀጣሪዋ። በጣም ረጋ ብሎ አየኝ። ምን ያስቸኩልሻል አለኝ። ዛሬውኑ እሺ ብንል ሰዎቹ ምን ይሉናል፣ ጨዋ ቤት መሆኑን ይወቁ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ይምጡ።

ይሄው ሻንጣዬ መሬት ላይ እንደተከፈተ ነው። አጎቴ በአንድ በኩል ይደውላል፣ ወይዘሮ አልማዝ በሌላ። ጋሽ አሰፋ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ሰዎቹ ደግመው ካልመጡ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት ይሉኛል። ዛሬ ጠዋት አላስችል ቢለኝ ቁርሱን አቅርቤ፣ አባዬ እባክህ፣ ሥራውን ልግባ ወይስ አልግባ ብዬ ጠየቅኩት።

ሻዩን ፉት አለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"እናሳውቅሻለን።"